ውሃ የማይወድ ሙጫ

«እሷ እንደሆን አታየውም» ሲል ሰማሁት ልጄን።

ለእኔ አልነበረም ያለው፣ በስልክ ነው። ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው ቺፑድ ነው፤ የመታሁት እኔው ነኝ፤ ሰው ሲያዛጋ እንኳ ይሰማል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ሳስር ነበር። የወዲያኛው ሰው ምን እንደመለሰለት አላወቅሁም። ሀይለመለኮት ትንሽ ሳቀና «መጋዘን ውስጥ ጊዜው ከሚያልፍበት ለእናቴ መቃብር ይዋል፣ ያው ሙጫ ነው» አለ። ከዚያ ስለ ጣሪያ ቆርቆሮ ዋጋና ስለ መንገዱ መከፈት አወሩ። ያሰርሁትን ጫማ ፈትቼ እንደገና አሰርሁት።

ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ሰኔ። እሑድ የሚስቴ የእታለማሁ ሙት ዓመት ነው። ሀይለመለኮት ባሕር ዳር የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል፤ ማክሰኞ የመጣው ለዚሁ ነው። ሲገባ አንድ ትልቅ የሙጫ ቆርቆሮ ይዞ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሁለት ቀን ሙሉ በዚያው ጠረጴዛ ላይ በልተናል፣ ቆርቆሮው መሐላችን ቆሞ። እኔ ግንበኛ ነኝ። አርባ ዓመት ወለል፣ ደረጃና መቃብር በጠጠር አልብሻለሁ፤ እንጅባራ ውስጥ የእኔን እጅ ያልረገጠ ሰው ጥቂት ነው። ያም ሆኖ የትኛው ሙጫ ይሻላል ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርሁም። መናገር አልወድም።

ሙጫውን ሱቆቹ ረዚን ይሉታል። ጠጠርን ከጠጠር አጣብቆ እንደ መስተዋት ይደርቃል፤ ድንጋዩ ሁልጊዜ አሁን ከወንዝ የወጣ ይመስላል። ሰው የሚወደው ለዚህ ነው። ሙጫ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ልጄ ያመጣው ርካሹ ነው፣ ራስ የሚያዞር ሽታ ያለው። ቤት ውስጥ ደህና ነው። ፀሐይ ካገኘው በሁለት ዓመት እንደ አሮጌ ቅቤ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል። ዳንግላ አንድ ሆቴል ደረጃ ላይ በእጄ ሠርቼው በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሌላኛው በሁለት ጣሳ ተለይቶ ይመጣል፤ ሙጫው ለብቻ፣ ማጠንከሪያው ለብቻ። እሱ ፀሐይ አይፈራም። የሚፈራው ውሃ ነው። ጠጠሩ ላይ እርጥበት ካገኘ ከውስጥ አረፋ ይይዝና ይነጣል፤ አንዴ ከነጣ አይመለስም።

መቃብሯን የምናለብስባቸው ጠጠሮች የእታለማሁ የራሷ ናቸው። ወላጆቿ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነበሩ፤ ልትጠይቃቸው ሄዳ ስትመለስ ጎርፍ ካወጣው መሐል መርጣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ታመጣ ነበር፤ ቀዩን፣ ጥቁሩን፣ የማር መልክ ያለውን። በዘይት ቆርቆሮ ታጠራቅማቸዋለች። ደጃፋችንን እንዳለብስላት ነበር የፈለገችው። «እሺ» አልኋት። ሠላሳ ዓመት «እሺ» አልኋት። የሰው ደጃፍ ሳለብስ ውዬ ስመጣ የራሴ ደጃፍ ጭቃ ነበር። ቆርቆሮው ሲሞላ ሌላ ቆርቆሮ አመጣች። ዝናብ በመጣ ቁጥር ክዳኑን ከፍታ ከጣሪያው ጠብታ ስር ታስቀምጠውና ወጥታ ታያቸዋለች። «ና እያቸው፣ ሲረጥቡ» ትለኛለች። ድንጋይ ስነካ ነው የዋልሁት፣ ምኑን አያለሁ ብዬ አልወጣሁም።

ቁርስ ላይ እመቤት ዳቦ ቆርሳ ሻይ ቀዳች። እመቤት ታናሿ ልጄ ናት፤ ከእኔ ጋር ነው የምትኖር፤ እናቷን ያስታመመች እሷ ናት። ሀይለመለኮት ስልኩን እያየ በላ። ቆርቆሮውን በዓይኑ አሳየኝና «ነገ ጧት ቢሠራ እስከ እሑድ ይደርቃል አይደል፣ አባባ?» አለኝ።

«ዳንግላ ደርሼ እመጣለሁ» አልሁ።

«ለምን?»

«ዕቃ አለ።»

እመቤት አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። ጋቢዬን አንስቼ ስወጣ በር ድረስ ተከተለችኝ። «ለድንጋዮቹ የሚደረግ ነገር አለ፣ አባባ?» አለችኝ። ድንጋዮቹን በሳምንቱ መጀመሪያ አጥቤ፣ ፀሐይ በወጣበት ሰዓት አስጥቼ፣ ደርቀው ጆንያ ውስጥ ናቸው። «የለም» አልኋት። ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመርሁም። አንድ ቃል ብጨምር ኖሮ ይበቃ ነበር።

መንገዱ ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ ተዘግቶ ስለነበር ሚኒባሱ ሰው በሰው ላይ ነው። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ከሰል የጫኑ አይሱዙዎች ተሰልፈው ስላገኘን ቆምን። አጠገቤ የተቀመጠው ቆብ ያደረገ ጎልማሳ ጉዞ ሲረዝምበት ሰው ማናገር የሚወድ ዓይነት ነው።

«ወዴት ነው፣ አባቴ?»

«ዳንግላ። ሙጫ ልገዛ።»

«ምን ተሰብሮ?»

«የተሰበረ የለም።»

«ያልተሰበረ ለማጣበቅ ዳንግላ ድረስ?» አለና ወደ ኋላ ዞሮ ለሰው አሰማ። «የእኔይቱ ብትሆን መንደሩን ትሰበስብብኝ ነበር። የእርስዎ ሚስት ዝም አሉ?»

«ዝም አለች» አልሁት።

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። በኋላ ፊቴን አይቶ መሰለኝ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው፤ ዳንግላ እስክንደርስ መልሶ አላደረገውም።

ማናለብሽ ቀለም ቤት ከአስፋልቱ ሁለተኛው ቤት ነው። ጠባብ ናት ቤቲቱ፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ጣሳ ነው፤ ደንበኛ የሚቆምባት አንዲት ክንድ ቦታ ናት። ማናለብሽ ከአባቷ ተረክባ ሃያ ዓመት ሸጣለች፤ ሠዓሊም ግንበኛም ታውቃለች፤ ማን አጭበርባሪ እንደሆነ፣ ማን ቀለም በውሃ እንደሚያቀጥን ትነግርሃለች። «ጋሽ ጎሹ፣ ነፍስ ይማር አላልሁዎትም፤ መምጣት አልቻልሁም ነበር፣ መንገዱ» አለችኝ። ይቀመጡ ብላ በርጩማ አወጣችልኝ። የምፈልገውን ነገርኋት።

«ባለ ሁለቱን? ዋጋው ጨምሯል እኮ። አራት ኪሎው ስድስት ሺህ ገብቷል። ያ ባለ አንዱ ቆርቆሮ በሲሶው ያደርስልዎታል።»

«ቢጫ ይሆናል።»

«መሆኑንስ ይሆናል» አለች። መሰላል ላይ ወጥታ ሁለቱን ጣሳ አወረደች፤ አቧራውን በክንዷ ጠረገችው። ጣሳዎቹን ከፊቴ አድርጋ እጇን አላነሳችም። «ስድብ አይሁንብኝና፣ የስሜነሽ ልጅ መቃብር ላይ ያደረጉት ይኸው አልነበረም?»

«ነው።»

«ታዲያ እሱ ለምን ነጣ? ሰው ይጠይቀኛል። የሸጥሁት እኔ ነኝ፣ ዕቃው መጥፎ ነው ይሉኛል። ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ልበል?»

«አላውቅም» አልኋት።

ብሩን ሰጠኋት። ከማገር እንጨት ሽያጭ አስቀምጬው የነበረ ነው። ማናለብሽ ጣሳዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት አስራ ሰጠችኝ፤ ዓይኗን ግን ከዓይኔ አልነቀለችም። ቀለም ሻጭ ናት፣ መልክ ሲለወጥ ታውቃለች።

ወደ መናኸሪያ መሄድ ነበረብኝ። እግሬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ። ስሜነሽ በሩ ላይ ጧፍና ዕጣን ትሸጣለች፤ ልጇ ከተቀበረች ጀምሮ ከዚያ በር አልተነሳችም። ልጅቱ ቤዛዊት ትባል ነበር፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ስሜነሽ አየችኝና ጧፏን በላስቲክ ሸፈነች። ሰላምታ ተሰጣጣን። ስለ እታለማሁ ነፍስ ይማር አለችኝ። ከዚያ ሳልጠይቃት ተነሥታ ከፊቴ ሄደች፣ ወደ ግቢው፣ በጽዱ ስር ባለው መንገድ።

መቃብሩ ትንሽ ነው። ከሙጫው ሥር ነጭ ጠጠር ነበር፤ እናቷ ነበረች የመረጠችው። አሁን ጠጠሩ አይታይም። ሙጫው ላይ ጉም ተኝቶበታል፣ መስኮት ላይ እስትንፋስ እንደሚቀረው ያለ። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ብቻ ደህና ነው፤ እዚያ ድንጋዩ ጥርት ብሎ ይታያል። ያን ጠርዝ ሳይ ጊዜ ሁሉም ትዝ አለኝ። ሙጫውን ከማጠንከሪያው ቀላቅዬ ባልዲ ውስጥ አዘጋጅቼ ነበር፤ ከተቀላቀለ ግማሽ ሰዓት አይቆይም፣ ድንጋይ ይሆናል። ያኔ ስሜነሽ ጠበል በጆግ ይዛ መጣች። በባዶ እግሯ ከምንጩ ድረስ ሄዳ ነው ያመጣችው። «ልጄ ላይ የሚያርፍ ድንጋይ ነው» ብላ ጠጠሩ ላይ አፈሰሰችው፤ ጠርዝ ጠርዙ አልደረሰውም። እኔ አውቅ ነበር። አስቁሜ፣ ሙጫውን ጥዬ፣ ጠጠሩ ሦስት ቀን ይድረቅ ማለት ነበረብኝ። ባልዲውን አየሁ፣ እሷን አየሁ፣ «ይሁን» አልሁና አፈሰስሁበት። በዚያ ቀን አብሮኝ ለነበረው ሰው ምን እንዳልሁት ደግሞ ረስቼው ነበር፤ ጽዱ ስር ቆሜ አስታወስሁት። «ልጅቱ እንደሆን አታየውም» ነበር ያልሁት።

ስሜነሽ ከመቀነቷ ጨርቅ አውጥታ ሙጫውን ወለወለችው። በየቀኑ እንደምትወለውለው ያስታውቃል፤ መሐሉ ከጠርዙ ይልቅ ልሞ ነበር።

«ስሜነሽ» አልሁ፣ «ይህ የነጣው ከእኔ ነው። ሙጫው ውሃ አይወድም። ጠበሉን ስታፈሽ አውቅ ነበር።»

መወልወሏን አልተወችም።

«እኔም አይቼዎት ነበር፣ አያ ጎሹ» አለች። «እጅዎ ቆሞ ነበር። አንድ ነገር ሊሉ አፍዎን ከፍተው መለሱት።»

«አንስቼ እንደገና ልሥራው። ይኸው ሙጫው በእጄ ነው።»

ከረጢቱን አየችው። ለማን እንደገዛሁት ገብቷታል። ሁለት ሴቶች አልፈው ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመው ተመለሱ።

«አይንኩብኝ» አለች። «መጀመሪያ ሰሞን አዝኜ ነበር። ነጩን ድንጋይ የመረጥሁት እንዳየው ነበር። በኋላ ጠበሉ ነው አልሁ። ገብቶ ቀርቷል፣ አልደረቀም ማለት ነው። ስምንት ዓመት እንዲያ ስል ኖሬያለሁ። አሁን አንስተው ጥርት ያለ ቢያደርጉልኝ ምን እላለሁ?» ጨርቁን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ መለሰችው። «ብቻ ያኔ ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር። እጠብቅ ነበር እኮ። እኔ ምን ሥራ ነበረኝ?»

ጧፍ ልግዛ ብዬ ብር ሳወጣ አልቀበልም አለችኝ። ሁለት ጧፍ በእጄ አደረገችልኝ፤ አንዱ ለእታለማሁ፣ አንዱ ለቤዛዊት።

ስመለስ ከአዲስ ቅዳም ጀምሮ ጭጋግ ወርዷል። ጣሳዎቹን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር የተቀመጥሁት። እንጅባራ ስደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ዝናቡ አልጀመረም፣ ግን ልብስ ይረጥባል። በሰኔ እንጅባራ ያሰጡት እህል ሳይደርቅ ይበቅላል። ባጃጅ ይዤ ቤት ደረስሁ።

ደጃፉ ላይ ሳፋ አለ። ጆንያው ባዶ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። የእታለማሁ ድንጋዮች በሙሉ ሳፋው ውስጥ ውሃ ውስጥ ናቸው። እመቤት አጠገቡ ተንበርክካ አንድ በአንድ እያነሳች በመዳፏ ታሻቸዋለች። ቢጫ ጀሪካን ከጎኗ አለ። እናቷ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት የተኛችበት ጠበል ሄዳ ነው የቀዳችው፤ ሳትበላ፣ በእግሯ፣ ሃያ ሊትር በጀርባዋ አዝላ። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል።

«ድንጋዩ ጠበሏን ሳይነካ እንዳይጫናት ብዬ ነው» አለችኝ። ፈገግ ብላ ነበር። ከእናቷ ሞት ወዲህ ፈገግ ስትል ያየኋት ያን ቀን ነው።

ከረጢቱ እጄ ላይ ከበደኝ። እንደገና «ይሁን» ማለት ይቻል ነበር። አፈስስበታለሁ፣ እሑድ አሁን እንደተወለደ ድንጋይ ያበራል፣ እንግዶቹ ያደንቃሉ፣ በመስከረም ይነጣል። እሷ ምን እንደሠራች አታውቅም። አጠገቧ ቁጭ አልሁ።

«እመቤት፣ ይህ ሙጫ ውሃ አይወድም» አልሁ። ሁሉንም ነገርኋት፣ የዳንግላውንም ጭምር። ረጅም ንግግር ነበር፣ ለእኔ።

እጆቿን ከውሃው አወጣች። ፈገግታዋ ሲሄድ አየሁት። «ጧት ጠይቄዎት ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ጠይቀሽኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ከሰል ላይ ቆርቆሮ ጥደን እናድርቃቸው? አሁን ባቀጣጥል—» አለችና የምትለውን ራሷ ሰማችው። ያመጣችውን ጠበል በእሳት ልታደርቀው ነው። ቀና ብላ አየችኝ። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ነው፣ ያን ጊዜ ግን የስድስት ዓመት ልጅ ትመስል ነበር።

«አይደርቁም» አልኋት። «ወንድምሽን ጥሪው። ሲሚንቶ ይግዛ። ግማሽ ኩንታል ይበቃል።»

ሀይለመለኮት ወጥቶ ሳፋውን አየ፣ ከረጢቱን አየ። «ሲሚንቶ?» አለ። «አባባ፣ እሑድ ከባሕር ዳር ሰዎች ይመጣሉ። በዚህ ዘመን የሲሚንቶ መቃብር? እኔ እኮ እቃው ያለኝ ሰው ነኝ፣ ምን ይሉኛል? ደግሞስ ይህን ያህል መድከም ለምንድን ነው፣ እሷ እንደ—»

አቆመ። ወደ ቤቱ፣ ወደ ቺፑዱ አየ። ከዚያ ወደ እኔ። ጆሮው ቀላ።

«ሲሚንቶ ውሃ ይወዳል» አልሁ።

ሲሚንቶውን ራሱ ተሸክሞ ነው የመጣው፣ በዚያ በሚያብለጨልጭ ጫማ።

ድንጋዮቹንና ጀሪካኑን ይዘን ወደ እታለማሁ መቃብር ሄድን። መሠረቱ ተሠርቶ ስለነበር ክዳኑ ብቻ ነው የቀረው። ከጀሪካኑ የተረፈውን ጠበል ሲሚንቶና አሸዋው ላይ አፈሰስሁት፤ ጠጣው። ሀይለመለኮት በአካፋ አቦካ፤ ልጅ ሆኖ ሳስተምረው እንደነበረው ሦስት ጊዜ ገለበጠው፣ አልረሳውም። እኔ በግንበኛ ማንኪያ አስተካከልሁ። እመቤት ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ ጫነቻቸው፤ ቀዩን ከጥቁሩ፣ የማሩን መሐል። አንድ ጊዜ ሀይለመለኮት «እዚህ ጋ ቀይ ጨምሪ» አላት፣ ጨመረች። ስንጨርስ ፊቱን በእርጥብ ስፖንጅ ጠረግሁት። ካፊያ ጀመረ። ድንጋዮቹ ከግራጫው ሲሚንቶ ውስጥ ቀልተው፣ ጠቁረው፣ በርተው ወጡ።

ሀይለመለኮት የዝናብ መከለያ ላስቲክ ለማልበስ አንስቶ እጁ ላይ ይዞ ቆመ።

«እንዲህ ሆኖ ይቀራል?»

«አይቀርም። ሲደርቅ ይደበዝዛል። አመድ ይመስላል።»

«እሑድስ?»

«ከዘነበ ይታያል። ካልዘነበ አይታይም።»

ላስቲኩን ቀስ ብሎ አለበሰው፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ድንጋይ አኖረ። ጎንበስ እንዳለ «ጧት ሰምተውኛል» አለኝ።

«ሰምቻለሁ» አልሁት። «እኔም አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ።»

የማን ነገር እንደሆነ አልጠየቀኝም። አካፋውን አጥቦ ትከሻው ላይ አድርጎ ከፊት ሄደ።

ቤት ስንደርስ ገና አልመሸም፣ ዝናቡ ግን ጠንክሯል። ሁለቱ ጣሳዎች ሳይከፈቱ ጠረጴዛው ላይ፣ ከልጄ ቆርቆሮ አጠገብ አሉ። እመቤት የተረፉትን ድንጋዮች፣ ሁለት እፍኝ ቢሆኑ ነው፣ ወደ ዘይት ቆርቆሮው መለሰቻቸው። እናቷ ታደርገው እንደነበረው አውጥታ ከጣሪያው ጠብታ ስር አስቀመጠችውና ወደ ውስጥ ገባች። ውሃው ቆርቆሮው ውስጥ ሲወርድ ይሰማል። ያን ድምፅ ሠላሳ ዓመት አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

ጋቢዬን ሳልለብስ ወጣሁ። ደጃፉ ጭቃ ነው። ጎንበስ ብዬ አየኋቸው።